ሰማንያውን ስንጠብቅ አርባ አምስቱ አለፈ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማንበብ የጀመርኩት ከወለድኩ ወዲህ ነው፤ ሌሊት ልጄን እያጠባሁ በስልኬ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

29 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ እኖራለሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ግን ደብረ ማርቆስ ነው። የባለቤቴ ሥራ ከአገር አገር የሚያዞር ስለሆነ፣ አራስ ቤት ብቻዬን ከምሰነብት ብዬ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እዚያው ከተማ ሆስፒታል በሰላም ተገላገልኩ። ልጄ በማግሥቱ ክንዷ ላይ መርፌ ተወጋች፤ አፏ ላይም ጠብታ ጠብ አደረጉላት። ካርድ ሰጡኝ። ከዚያ ከከተማው ወጣ ያለው የእናቴ ቤት ገባን።

በ45 ቀኗ መከተብ እንዳለባት አውቅ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗም ቤት ድረስ መጥታ አስታውሳኛለች። እማዬ ግን "ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም፤ ሰማንያው ይሙላ" አለች። ተከራከርኩ ልበል? ብዙም አልተከራከርኩም። ክርስትናዋን በ80 ቀኗ አነሣን። ከዚያ ጉንፋን ያዛት። ሲሻላት መንገዱ ተዘጋ። አንድ ቀን ጤና ኬላ ይዣት ብሄድ "ዛሬ የክትባት ቀን አይደለም" ተባልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አዲስ አበባ የተመለስኩት አራት ወር ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት ነው።

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ካርዱን አየችና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ "እስካሁን የት ነበርሽ? የተማርሽ አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። "አንድ ነገር ረስቼ ነው፣ መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። በዚያው ቀረሁ። ልጄ ዛሬ አራት ወር ከአሥር ቀኗ ነው። ትንሽ ያስላታል።

ባለቤቴ በጣም ተናዷል። ሜሪላንድ ያለችው እህቱ ደውላ "የተቅማጡ ክትባት 15 ሳምንት ካለፈ እኛ ጋ አይሰጥም፤ እሷን አልፏታል" ብላዋለች። ጎረቤቴ ደግሞ "ከዜሮ ነው የሚጀመረው፤ የመጀመሪያዋም መርፌ ከንቱ ሆናለች" ትለኛለች። እውነትም ክንዷን ባየው ጠባሳ የለም። ወደ ሥራ የምመለሰው የዓመት ፈቃዴን ጨምሬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጅ ልትይዝልን የነበረችው እናቴ ናት። ባለቤቴ አሁን "ልጄን እንዲህ ያደረጓት እናትሽ ናቸው፤ አይመጡም" ብሏል።

እማዬ 60 ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ አታውቅም። በየማለዳው ደውላ "ልጄ እንዴት አደረች?" ትለኛለች። ልጄን ጎዳኋት? አልፏታል? እዚያ ጤና ጣቢያስ በምን ፊቴ ልመለስ?

ጨነቀኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልሱ

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልመልስልሽ፤ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። ልጅሽን አላለፋትም። ከዜሮም አይጀመርም። በተወለደች ማግሥት የወሰደችው እንደተቆጠረ ይቆያል። የዘገየ ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ የወሰደውን አይደግምም። ጎረቤትሽ ለልጅሽ አስባ ነው የተናገረችው፤ ግን ተሳስታለች።

ያም ሆኖ "እንግዲያው ምን አስቸኮለኝ" እንዳትዪ። ልጅሽ እስከ ዛሬ ለትክትክ፣ ለሳንባ ምች፣ ለማጅራት ገትር መከላከያ ሳትይዝ ነው የከረመችው። ትክትክ ትልቅ ልጅን ያስላል፤ ጨቅላን ግን ትንፋሽ ያሳጣል። የመጀመሪያው መርፌ ገና በስድስት ሳምንት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። እስካሁን ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ የሚቀጥለው የሥራ ቀን መቼ እንደሆነ እዪ። ቀጠሮሽ ያን ቀን ነው።

አሁን ስለዚያች ሰማንያ ቀን ላውራሽ። መመሪያው 6 ሳምንት ይላል፤ 42 ቀን ማለት ነው። እኛ እናቶች "የ45 ቀን ክትባት" ብለን ለመድነው። ልጅሽ ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናውን በ40 ቀኑ ተነሥቶ፣ በአምስተኛው ቀን ክትባቱ ይደርስ ነበር። ማንም ከማንም ሳይጣላ። ለሴት ልጅ ግን ሰማንያው ሲጠበቅ የመጀመሪያው ክትባት ያልፋል፣ የሁለት ወር ተኩሉም ያልፋል። አየሽ፣ ከእናትሽ ጋር አንድ ቤት ውስጥ የተጋጩት ሁለት አቆጣጠሮች ናቸው። እናትሽ የሚያውቁትን ይዘው ጠበቋት። የሰው ዓይን፣ ብርድ፣ ምች፤ እሳቸው የሚፈሩት ይህን ነው። ልጅ ታክማ ትምጣ ቢባሉ ግን እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያንም ሕፃን ሳይጠመቅ ሐኪም አይየው አላለችም። ምናልባት "ክትባት" የሚለው ቃል እሳቸው ጆሮ ውስጥ ሊቆይ የሚችል ነገር ሆኖ ገብቶ ይሆናል።

አንቺንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው። "ብዙም አልተከራከርኩም" ብለሻል። በአርባ አምስት ቀን አራስ ነበርሽ። ምናልባት ደክሞሽ ነበር? ምናልባት የእናትሽ "አትወጣም" ማለት አንቺንም ትንሽ አሳርፎሽ ነበር? እንደዚያ ከሆነ ምንም ነውር የለበትም። ግን ጥፋቱ ሁሉ የእማዬ ነው ሲባል ዝም ማለትሽ ውስጥሽን እየበላው እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታየኛል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የሜሪላንዷ እህታችሁ አልዋሸችም። እሷ ያለችበት አገር የሮታ ክትባት፣ ማለትም ያ ከባድ ተቅማጥ የሚከላከለው ጠብታ፣ ልጁ 15 ሳምንት ከሞላው አይጀመርም። የተጀመረውም ስምንት ወር ሳያልፍ ማለቅ አለበት። ልጅሽ 18 ሳምንት አልፏታል። ሜሪላንድ ብትሆን ኖሮ ሌሎቹን ሁሉ ሰጥተዋት ሮታን ይዘልሉባት ነበር።

ለምን መሰለሽ? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሮታ ክትባት ወጥቶ ነበር። በጥቂት ሕፃናት ላይ የአንጀት መታጠፍ አመጣና በዓመቱ፣ በ1999፣ ከሥራ ወጣ። ካልሲ ስታወልቂ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባ የለ? አንጀትም እንደዚያ ራሱ ውስጥ ይገባና ይቆለፋል። ይህ ሕመም ክትባት ባይኖርም በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ላይ ደግሞ በርከት ይላል። ስለዚህ በኋላ የወጡትን ክትባቶች ልጁ ወደዚያ ዕድሜ ሳይደርስ እንጀምር አሉ። አሁን ባሉት ክትባቶች አሜሪካ ውስጥ የሚገመተው ተጨማሪ አደጋ ከ20,000 እስከ 100,000 ከሚሆኑ ልጆች በአንዱ ላይ ነው። ትንሽ ናት። ግን እዚያ በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን እምብዛም ስለሌለ ያችንም ትንሽ አይፈልጓትም።

የእኛ ሒሳብ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቀድሞ ተመሳሳይ የዕድሜ ገደብ ነበረው። በ2013፣ አሁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ገደቡን አላላው። ምክንያቱም እንዳንቺ ዘግይተው የሚመጡ እናቶች ብዙ በሆኑበት፣ ተቅማጥም ልጅ በሚገድልበት አገር ገደቡ የሚያተርፈው ከሚያጠፋው ያንሳል። በተቻለ መጠን ከስድስት ሳምንት በኋላ ቶሎ ይሰጥ ይላል፤ የዘገየውም አይመለስ ይላል። ሁለት ዓመት ላለፈው ልጅ ብቻ አይመክርም። በዚያው አቆጣጠር በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ክትባቱን ከአንጀት መታጠፍ ጋር የሚያያይዝ ጭማሪ አላገኘም።

ስለዚህ ለባለቤትሽ እህት "አንቺ ያልሽው ለእናንተ አገር ልክ ነው" በያት። ሮታ በአገራችን ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው። ጤና ጣቢያ ስትደርሺ "ሮታን ዛሬ መጀመር ትችላለች?" ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ዕድሜዋን አይቶ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ከሰጧት፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አስተውዪ፦ ልጅ ድንገት እየጮኸች እግሮቿን ወደ ሆዷ ብትሰበስብ፣ ጋብ ብሎላት ደግሞ ቢጀምራት፣ ብታስመልስ ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ብታዪ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ባይሰጧትም ቀሪው ክትባት ሁሉ በቦታው አለ። ሮታን ያነሣሁት በዕድሜ በኩል ቀድሞ በሩ የሚጠበው እሱ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ይታገሱሻል።

የሌሎቹ ነገር አጭር ነው። ፔንታ የሚሉት መርፌ አምስት በሽታ በአንድ ይይዛል፤ ፒሲቪ የሚሉት ለሳንባ ምች ነው፤ የፖሊዮ ጠብታም አለ። እነዚህ ሦስቱ ሦስት ሦስት ጊዜ ናቸው። በተወለደች ማግሥት የጠጣችው የፖሊዮ ጠብታ "ዜሮ" ትባላለች፤ ከሦስቱ አትቆጠርም፣ ጥቅሟ ግን የራሷ ነው። አይፒቪ የሚባለው የፖሊዮ መርፌ የሚሰጠው ከ14 ሳምንት ጀምሮ ስለሆነ እሱንም ገና በዚህ ጉዞ ልትወስድ ትችላለች፤ ጠይቂ።

በሁለት ዙር መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ያስፈልጋል። ይህችን ያዢልኝ። አንዳንድ እናት ዘግይቻለሁ ብላ በሁለት ሳምንት ትመለሳለች። አይሆንም፤ ቀድሞ የተሰጠ ዙር ላይቆጠር ይችላል። በሳምንት በአሥር ቀን መዘግየት ግን ችግር የለውም። በዚህ ሳምንት ብትጀምሪ ልጅሽ ስድስት ወር ከጥቂት ቀን ሲሆናት ሦስቱንም ትጨርሳለች። በጊዜው የጀመረ ልጅ በሦስት ወር ተኩል ነው የሚጨርሰው። ልዩነቱ ሦስት ወር አይሞላም። ስትጨርስ ገንፎ ጀምራለች፣ የስድስት ወሩንም የቫይታሚን ኤ ጠብታ አግኝታለች።

ጠባሳውስ? በማግሥቱ ክንዷ ላይ የተወጋችው ቢሲጂ ይባላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። ቢሲጂ የተወጋ ልጅ ክንዱ ላይ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትንሽ እብጠት ትወጣለች። ትፈነዳለች፣ ትደርቃለች፣ ጠባሳ ትተዋለች። ሁሉም ልጅ ላይ ግን ምልክቱ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ጠባሳ ስለሌለ ብቻ ልጅ እንደገና አይወጋ ይላል። ካርዱ ላይ ቀኑ ተጽፏል አይደል? በቃ፣ ማስረጃው እሱ ነው። ክንዷን በየሌሊቱ በስልክ መብራት እያየሽ እንደሆነ ገምቻለሁ። ተዪው።

ጉንፋኑም አያስቀራትም። ቀላል ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ትንሽ ተቅማጥ ክትባት አያስተላልፍም። ጡት እየጠባች፣ እየሳቀች ከሆነ ይዘሻት ሂጂ። ከባድ ትኩሳት ካላት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን መጀመሪያ ትታከም፤ ያም ቢሆን የምትሄጂው እዚያው ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ሲስተሯ እንምጣ። እኔም አንዴ ደርሶብኛል። ሁለተኛው ልጄ የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት የወሰደው በአሥራ አንድ ወሩ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ "ሐሙስ ነይ" ተባልኩ። በአራተኛው ሐሙስ ደግሞ "ለምን ዘገየሽ" ብለው ተቆጡኝ! ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ያለቀስኩት ትዝ ሲለኝ አሁን ያስቀኛል። በኋላ ነው ምክንያቱን የሰማሁት። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። በፈሳሽ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ለአሥር፣ የቢሲጂው ለሃያ ልጅ የሚሆን ነው። ስለዚህ ለአንድ ልጅ መክፈት ይከብዳቸውና ልጆች የሚሰበሰቡበትን ቀን ይጠብቃሉ። ትክክለኛው ነገር ለአንድም ልጅ ቢሆን መክፈት ነው። መድኃኒቱ ከሚተርፍ ልጁ ይትረፍ። ግን በየቦታው እንደዚያ እንደማይደረግ አንቺም ጤና ኬላው በር ላይ አይተሽዋል። ለአሁኑ ዙርሽ ይህ ችግር ላይገጥምሽ ይችላል፤ ለዘጠኝ ወሩ ግን ከወዲሁ "የኩፍኝ ቀናችሁ መቼ ነው?" ብለሽ ጠይቂ።

ሲስተሯ የተናገረችሽ ልክ አልነበረም። ሰው ፊት እናትን ማሳፈር ልጅ አያስከትብም፤ ያው አንቺን ልጅሽን ሳታስከትቢ መለሰሽ። ሌላ ጤና ጣቢያ መሄድም መብትሽ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሁሉ ክትባቱ ነፃ ነው፤ ካርድሽም የትም ይሠራል። እኔን ብትጠይቂኝ ግን የቅርቡን አትተዪው። ገና ብዙ ቀጠሮ አለሽ፤ ታክሲ ተራ ከምትሰለፊ ቤትሽ ሥር ያለው ይሻልሻል። ማለዳ ሂጂ። ተራሽ ሲደርስ እሷ ሳትጠይቅሽ አንቺ ቅደሚያት፦ "ሲስተር፣ ዘግይቻለሁ። ካርዷ ይኸው። ዛሬ የሚቻለውን ሁሉ ስጪልኝ።" ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለብሽም። የክርስትናውን፣ የመንገዱን፣ የጉንፋኑን ታሪክ ለወረፋው ሰው አትዘርዝሪ። ብትቆጣሽም እሺ በያትና ቁጭ በይ። የምትቆጣ ነርስም መርፌዋ ያው መርፌ ነው።

ስትገቢ ጠብታው ይቀድም ይሆናል፣ ከዚያ መርፌዎቹ በሁለቱ ጭኖቿ። ሁለት ሦስት መርፌ በአንድ ቀን አይበዛባትም፤ አብረው እንዲሰጡ የታሰቡ ናቸው። ታቅፈሽ ጡት ስጫት። ለቅሶዋ ቶሎ ይበርዳል፤ የአንቺ ይቆይ ይሆናል። ማታ ሰውነቷ ሊሞቅ፣ የተወጋችበት ቦታ ሊያብጥ ይችላል። ፓራሲታሞል ካስፈለጋት መጠኑ በኪሎዋ ስለሆነ እዚያው አስመዝነሽ ጠይቂ። ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቢው። ትኩሳቷ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ ካለቀሰች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ዝልፍልፍ ካለች ወዲያው ውሰጃት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ኩፍኙን እናስቀድምላት ብለሽ አትድከሚ። አንዳንድ የተጨነቀች እናት በስድስት ወር ትለምናለች። ከአንቺ የወረሰችው መከላከያ ገና ደሟ ውስጥ እያለ ክትባቱን ያዳክምባታል፤ ለዚህ ነው ዘጠኝ ወር የተባለው። አካባቢው ላይ ኩፍኝ ከገባ በስድስት ወርም ይሰጣል፤ ያኛው ግን እንደ ተጨማሪ ነው፣ በዘጠኝ ወር ይደገማል። በዘጠኝ ወርም ቢሆን ከመቶው ሰማንያ አምስቱ ገደማ ልጆች ናቸው የሚይዝላቸው። የቀሩትን ለመያዝ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ ዙር አለ። ብዙ እናት ይቺን የ15 ወሯን ትረሳታለች። ልጅ ድክ ድክ ሲል ክትባት ያለቀ ይመስላል። ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ ጻፊያት።

አሁን የቀረው የቤትሽ ነገር ነው። ባለቤትሽ ተናዷል፤ ግን ልብ በዪ፣ እሱም በእነዚያ አራት ወራት ከርቀት ነበር። የ45 ቀኑ ዕለት የት ነበር? ደውሎ "ተከተበች ወይ?" ብሎሽ ነበር? ይህን ለጠብ እንድታነሺበት አይደለም። አቅመ ቢስነት ሲሰማው ጣቱን የሚቀስርበት ሰው ፈልጎ ይሆናል፤ ሩቅ ያሉት ደግሞ እናትሽ ናቸው። እኔ የምለው፣ ስለ እማዬ መምጣት ዛሬ አትከራከሩ። መጀመሪያ ልጅቷን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። አንድ ቀን ፈቃድ ይጠይቅ። ካርዱን እሱ ይያዘው። ሲስተሯ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ስትጽፍ በዓይኑ ይየው። "አልፏታል" የሚለውን ፍርሃት ከአንቺ ቃል ይልቅ ያ የተጻፈ ቀን ይገፋለታል። ማታውን፣ ልጅ ስትተኛ፣ "እኔም ዝም ብዬ ነበር፤ እማዬ ብቻዋን አይደለችም" ብለሽ ንገሪው። ይህን ከአፍሽ ሳይሰማ እናትሽን ይቅር ማለት ይከብደዋል፤ አንቺም ሳትናገሪው አይቀልልሽም።

ለእማዬስ? መንገር አለብሽ። ግን "በአንቺ ምክንያት" ብለሽ አትጀምሪ። በዕድሜያቸው የፈንጣጣን ጊዜ ሊያስታውሱ ይችላሉ። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ከታቢዎቹ መንደር ለመንደር በእግርና በበቅሎ እየዞሩ ነበር፤ ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት የሆነች መርፌ ይዘው። የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በአገራችን የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው። እናትሽ ያኔ ልጅ ነበሩ። ምናልባት ክንዳቸው ላይ ያች ክብ ጠባሳ አለች፤ በልጅነትሽ ጣትሽን አስገብተሽ ተጫውተሽባት ይሆናል። ሲደውሉ ስለሷ ጠይቂያቸው። ማን ያዛቸው? አልቅሰው ነበር? እናታቸው ምን አለች? አውርተው ሲጨርሱ የልጅሽን ነገር ንገሪያቸው፤ ዘግይተናል፣ አሁን ጀምረናል፣ ሁለት ዙር ይቀራታል በዪ። ይደነግጡ ይሆናል፣ ያለቅሱም ይሆናል። ይናገሩ፤ አታቋርጫቸው።

ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ወደ ሥራ የምትመለሺው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ብለሻል። ሁለተኛው ዙር የሚደርሰው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ቁጥሩን አየሽው? ያን ቀን አንቺ ቢሮ ነሽ። ልጅቷን ነጠላ ለብሰው፣ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልለው የሚወስዷት ሰው ያስፈልጋል። ባለቤትሽ እሺ ካለ፣ እማዬን የሚጠራቸው እሱ ራሱ ቢሆን ደስ ይለኛል። እሺ ካላለ ደግሞ አትግፊው፤ ለአንዱ ቀጠሮ የግማሽ ቀን ፈቃድ ትጠይቂያለሽ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ ይበርዳል።

ካርዱን ዛሬ ማታ በስልክሽ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሺው፤ ለባለቤትሽም ላኪለት። ሲስተሯ ደግሞ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ የእውነት ነው የምጠይቅሽ።